በምጥ ጊዜ የሚነገር ቃል

(በኮልፌ ቀራንዮ ለተሰበሰቡ እናቶችና አባቶች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምጥ ነው። ወንዶችም ተነሥታችሁ አትሂዱ፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

ከኮልፌ ወደ መሀል ከተማ ስንወርድ ጦር ኃይሎች ያለውን ሆስፒታል ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የተሠራው ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነበር። ልዕልት ፀሐይ የንጉሥ ልጅ ናቸው፤ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረዋል። በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ ሳቢያ ሞቱ። የንጉሥ ልጅነትም፣ ነርስነትም አላዳናቸውም።

ታዲያ ዛሬ ጤና ጣቢያው በአቅራቢያ እያለ፣ ማዋለዱም በነፃ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንዷ እናት ቤቷ የምትቀረው ለምንድን ነው? «ይጮኹብኛል፣ ያዋርዱኛል» ብላ ነው። ስጋቷ ከንቱ አይደለም፤ በምጥ ላይ ሳለች የተሰደበች እናት አለች። እሷም ለጎረቤቷ ትናገራለች፤ ጎረቤቷም በተራዋ ቤቷ ትወልዳለች። ቤት ውስጥ ደም ከበዛባት ደግሞ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ልትሞት ትችላለች።

ብዙው ቅሬታ የሚመጣው ካለመነጋገር ነው። ልጁ እንደተወለደ አዋላጇ እናቲቱን ጭኗ ላይ መርፌ ትወጋታለች። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላም ሆዷን ትጫናለች፤ ያማል። ያልተነገራት እናት «ምን በደልኳት?» ትላለች። ነገሩ ግን ማህፀኑ እንዲኮማተር ነው፤ ማህፀን ከላላ ደም አይቆምም። ጥሩ አዋላጅ አስቀድማ፣ «እህቴ፣ ሆድሽን ልጫነው ነው፤ ትንሽ ያምሻል፤ ደም እንዳይፈስሽ ነው፤ ልጀምር?» ትላለች። ይህን መናገር መርፌውን ከማዘጋጀት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፣ ምጥ የያዛት እናት የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን፣ ደህና ከሆነች ትንቀሳቀስ፣ በሚመቻት አኳኋን ትውለድ ብሏል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ተንበርክከው ይወልዱ ነበር፤ ጎረቤትም «ማርያም ማርያም» እያለ ወገባቸውን ይይዝ ነበር። ኮልፌ ደግሞ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው አብሮ የሚኖርበት ሰፈር ነው። አማርኛ ያልለመደች እናት ስትመጣ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው አብሯት ይግባ።

አንቺም ተናገሪ። ምጡ መቼ ጀመረ? የእንሽርት ውሃው መቼ ፈሰሰ? በፊት ስትወልጂ ደም በዝቶብሽ ነበር? ቤት ውስጥ የጠጣሽው መድኃኒት ካለ አትደብቂ። ራስ ምታት ከጠናብሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ደም ከፈሰሰሽ ተራ አትጠብቂ፤ ተጣሪ። አባወራውም በር ላይ ቆሞ ከሚተክዝ ይህን ሁሉ በቃሉ ይያዝ፤ ምጡ ሲጠና እሷ መናገር ያቅታታልና።