የፕሬስተኑ የቧንቧ ሠራተኛ፦ የቶም ፊኒ የኳስ ዘመን፣ የንግድ ሥራው እና የአንድ ከተማ ትዝታ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው፤ ሆኖም ዋናው ጉዳዬ ኳስ ሳይሆን ትዝታ ነው። አንድ ከተማ የራሷን ሰው እንዴት ታስታውሳለች? ስታስታውስስ ምኑን ትይዛለች፣ ምኑን ትጥላለች? የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንክሻየር፣ ፕሬስተን የምትባል ከተማ አለች። በጥጥ ፈትልና በሽመና ፋብሪካዎቿ የታወቀች የሠራተኞች ከተማ ነበረች። ክለቧ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ በ1888 የእንግሊዝን ሊግ ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ የመጀመሪያውን የሊግ ሻምፒዮናም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ወስዷል። ዛሬ በዲፕዴል ስታዲየም ደጃፍ የቆመው ሐውልት ግን የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች አይደለም። የሊጉን ዋንጫም ሆነ የእንግሊዝን የኤፍ ኤ ዋንጫ አንስቶ የማያውቅ የአንድ ሰው ሐውልት ነው። ስሙ ቶም ፊኒ ይባላል፤ ሕዝቡ የሚያውቀው «የፕሬስተኑ የቧንቧ ሠራተኛ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው።

ፊኒ በኤፕሪል 1922 እዚያው ፕሬስተን ተወለደ። በልጅነቱ ቀጭንና ደካማ ነበር። ገና ታዳጊ ሳለ ክለቡ ሊወስደው ሲፈልግ አባቱ አስቀድሞ የቧንቧ ሙያውን ተምሮ እንዲጨርስ ግድ አለው። ኳስ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ሙያ ግን ከእጅ አይወጣም የሚል የአባት ጥንቃቄ ነበር። ልጁም ቀን ቀን ቧንቧ እየገጠመ፣ በትርፍ ሰዓቱ እየተጫወተ አደገ። በክለቡ ሙሉ ተጫዋችነት የፈረመው በ1940 ነው። ያን ጊዜ ዓለም በጦርነት ላይ ነበረች፤ እርሱም ወታደር ሆኖ በግብፅና በኢጣሊያ ዘመተ። ስለዚህ የመጀመሪያውን መደበኛ የሊግ ጨዋታ ያደረገው በኦገስት 1946፣ በ24 ዓመቱ ነው። ለአንድ ተጫዋች እጅግ ውድ የሆኑት ዓመታት በጦርነቱ አልፈውበታል።

ከዚያ በኋላ እስከ 1960 ድረስ ከፕሬስተን በቀር ሌላ ክለብ አላወቀም። በሊግ 433 ጊዜ ተሰልፎ 187 ጎሎች አስቆጥሯል። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 76 ጊዜ ተጫውቶ 30 ጎሎች አግብቷል። በ1954 እና በ1957 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ ይህን ክብር ሁለት ጊዜ በመቀበል የመጀመሪያው ሰው ነው። በቀኝ ክንፍ፣ በግራ ክንፍ እና በመሐል አጥቂነት እኩል ይጫወት ነበር። የዘመኑ ቀልደኞች ፊኒ ለመንግሥት አመልክቶ ስለ አሥር ጥገኞቹ የግብር ቅናሽ ይጠይቅ ይሉ ነበር። አሥሩ ጥገኞች አብረውት የሚሰለፉት ተጫዋቾች መሆናቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ትዝታው እንለፍ። የፕሬስተን ሰዎች ስለ ፊኒ ያላቸው ትዝታ በሦስት ስፍራዎች ይኖራል ማለት እንችላለን፦ በሜዳ፣ በቤት እና በአደባባይ።

የሜዳው ትዝታ የታወቀ ነው፤ በየትኛውም ከተማ የምናገኘው ዓይነት ነው። የቤቱ ትዝታ ግን ለፊኒ ልዩ ነው። ፊኒ እየተጫወተም የቧንቧ ሥራውን አልተወም፤ ከወንድሙ ጋር የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። በመሆኑም ቅዳሜ በአሥር ሺዎች ፊት ሲጫወት የታየው ሰው በሥራ ቀን መፍቻውን ይዞ የአንዱን ቤት ደጃፍ ሊያንኳኳ ይችል ነበር። ጫማውን በር ላይ ያራግፋል፣ ከማጠቢያው ሥር ይንበረከካል፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይጠግናል። ለአንድ የፕሬስተን ቤተሰብ ይህ ከየትኛውም ጎል የበለጠ የሚነገር ወሬ ነው። ጎሉን ሁሉም አይቶታል፤ ቧንቧው ግን የራስ ቤት ቧንቧ ነው። ትዝታ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እንዲህ ባለ ቅርስ ነው።

ከዚህ ትዝታ ጋር ተያይዞ ሁልጊዜ የሚነሣ ሌላ ታሪክ አለ። በ1952 የኢጣሊያው ክለብ ፓሌርሞ ፊኒን ሊወስድ ፈለገ። የቀረበለት የፊርማ ገንዘብ 10,000 ፓውንድ ነበር፤ በዚያ ላይ በወር 130 ፓውንድ ደመወዝ፣ ልዩ ጉርሻ፣ መኖሪያ ቪላ እና መኪና። እርሱ ግን ሳይሄድ ቀረ። ከተማዋ ይህን የታማኝነት ምሳሌ አድርጋ ትተርከዋለች፤ ገንዘብ ያላታለለው፣ አገሩን ያልለቀቀ ሰው ትለዋለች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ፊኒ ለመሄድ ነፃ ነበርን?

አልነበረም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተጫዋች ሁለት ሰንሰለቶች ነበሩበት። አንደኛው የደመወዝ ጣሪያ ነው። በ1952 ማንኛውም ተጫዋች፣ የቱንም ያህል ቢልቅ፣ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ14 ፓውንድ በላይ ሊከፈለው አይችልም ነበር፤ በበጋው ዕረፍት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን ካሰብን የፓሌርሞ የፊርማ ገንዘብ ብቻውን የ13 ዓመት ደመወዙን ይበልጥ ነበር። ሁለተኛው ሰንሰለት ክለቡ ተጫዋቹን የማቆየት መብት ነው። የውሉ ዘመን ቢያልቅም እንኳ ክለቡ ካልፈቀደ ተጫዋቹ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። የፓሌርሞም ጥያቄ የታሰረው እዚህ ላይ ነው፤ ክለቡ አልለቅም አለ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንዲሉ፣ ስታዲየሙን የሚሞላው ሰው የስታዲየሙ ገቢ ተካፋይ አልነበረም። እንግዲህ የቧንቧ ሥራውን በዚህ ዓይን እንመልከተው። መፍቻው የትሕትና ምልክት ብቻ አልነበረም፤ የደመወዝ ጣሪያ ላለበት ሠራተኛ መድኅን ነበር። የአባቱ ጥንቃቄ ትክክል የነበረውም ሕጉ ትክክል ስላልነበረ ነው። የከተማዋ ትዝታ ቧንቧውን ይዞ ውሉን ጥሏል። ግዴታውን በጎ ምግባር ብሎ ሰይሞታል።

የጊዜው አጋጣሚም ያሳዝናል። ፊኒ ጉዳት እያስቸገረው በ1960 ጫማውን ሰቀለ። በጃኑዋሪ 1961 በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ እንደሚመታ አስታውቆ የደመወዝ ጣሪያው ተነሣ። ወዲያውም የፉልሃሙ ጆኒ ሄንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፋይ ሆነ። በ1963 ደግሞ ጆርጅ ኢስትሃም ባቀረበው ክስ ፍርድ ቤቱ የማቆየቱ ሥርዓት ያለአግባብ ሥራን የሚገድብ ነው ሲል ፈረደ። ፊኒ ከዚህ ሁሉ አንድም አልደረሰለትም።

ታዲያ የፕሬስተን ትዝታ ሐሰት ነው ልንል ነው? አይደለም። ለተመራማሪ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ፊኒ ኳስ ካቆመ በኋላ ማንም አላሰረውም፤ ነፃ ሰው ነበር። ያን ጊዜም በፕሬስተን ቆየ። ድርጅቱን ይዞ ሠራ፣ በከተማው ዳኛ ሆኖ አገለገለ፣ የከተማዋን የጤና ባለሥልጣን በሰብሳቢነት መራ፣ የክለቡም ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1979 የከተማዋን የክብር ነዋሪነት ተቀበለ፤ በ1998 «ሰር» የሚለውን ማዕረግ አገኘ። በ1952 መቆየቱ የግድ ነበር፤ ከ1960 በኋላ መቆየቱ ግን ምርጫው ነው። ከተማዋ ሁለቱን አንድ አድርጋ ታስታውሳለች፤ የእኛ ሥራ መለየት ነው። ስንለያቸው ሰውዬው አያንስም። እንዲያውም በነፃነቱ ዘመን ያደረገው በግዴታው ዘመን ካደረገው ተለይቶ ሲታይ ክብሩ ይበልጥ ይጎላል።

በመጨረሻ ወደ አደባባዩ ትዝታ ልምጣ። በስታዲየሙ አንዱ ወገን በስሙ ተጠርቷል፤ በአጠገቡ ያለው መንገድም እንዲሁ። ከስታዲየሙ ውጭ የቆመው ሐውልት በ2004 ተመርቋል፤ ፊኒ በውሃ ላይ እየተንሸራተተ፣ ውሃው በዙሪያው ሲረጭ ያሳያል። ሐውልቱ የተቀረጸው በ1956 ከተነሣ አንድ ታዋቂ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ የተነሣው ግን ፕሬስተን ውስጥ አይደለም፤ ለንደን ውስጥ፣ በዝናብ በተጥለቀለቀው የቼልሲ ሜዳ ላይ ነው። የሌላ ከተማ ዝናብ የፕሬስተን ሐውልት ሆነ። የቧንቧ ሠራተኛው በውሃ መካከል መታየቱም ምስሉን ይበልጥ የከተማዋ የራሷ ሳያደርገው አልቀረም።

ከተማዋ ይህን ትዝታ አጥብቃ የያዘችበት ምክንያትም አላት። ፊኒ ባቆመ በዓመቱ፣ በ1961፣ ክለቡ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ላይኛው ሊግ ተመልሶ አያውቅም። የጥጥ ፋብሪካዎቹም በነዚያው አሥርተ ዓመታት አንድ በአንድ ተዘጉ። ስለዚህ አንድ የፕሬስተን ሽማግሌ ስለ ፊኒ ሲያወራ ስለ አንድ ተጫዋች ብቻ አያወራም፤ ፋብሪካው የሚሠራበትን፣ ክለቡ ከታላላቆቹ ጋር የሚሰለፍበትን፣ ታላቅ ሰው ከጎረቤት የሚኖርበትን ዘመን ያወራል። ፊኒ በፌብሩዋሪ 2014 በ91 ዓመቱ ሲያርፍ ሕዝቡ በጎዳና ዳር ተሰልፎ የሸኘው ያንንም ዘመን ጭምር ነበር።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል በየትውልድ ከተማችሁ ያሉ የቀድሞ ተጫዋቾችን ትዝታ ለመሰብሰብ የተዘጋጃችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አንድ ምክር ልስጣችሁ። አንድ ሽማግሌ «ኳስ ካቆመ በኋላ ጋራዥ ከፈተ» ወይም «ሱቅ ነበረችው» ቢላችሁ ጎሉን ለመስማት ቸኩላችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር አትለፏት። ለምን ከፈተ? ስንት ይከፈለው ነበር? ውሉስ ምን ይል ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስትጽፉም የሽማግሌውን ፍቅር አታጣጥሉ፤ ከፍቅሩ ጎን ውሉን አስቀምጡ። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገኙ የሰውዬው ታሪክ ሙሉ ይሆናል።