የልብ ወለድ ሰዎች የእኛን ኑሮ ያሳዩናል



ፊደል ቆጥረን ማንበብ ከጀመርን ወዲህ ብዙ ነገር በገዛ ዓይናችን እናያለን። የግብር ደረሰኝ እናነባለን። ከከተማ የመጣ ደብዳቤም ሰው ሳንለምን ራሳችን እናነበዋለን። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ፣ ስለ ልብ ወለድ ነው።

ልብ ወለድ ማለት ደራሲ በልቡ አስቦ የፈጠረው ታሪክ ማለት ነው። ታዲያ አንዳንዶቻችን «ያልኖረ ሰው ታሪክ ምን ይረባናል? ውሸት አይደለም እንዴ?» እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተረትን እናስብ። ጦጣና ጅብ ተነጋግረው እንደማያውቁ ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ማታ እሳት ዳር ለልጆቻችን እናወራለን። ጦጣዋ በብልሃት ስታመልጥ፣ ጅቡ በሆዱ ሲታለል ስንሰማ የምናውቀው ሰው ትዝ ይለናል። ልብ ወለድም እንዲሁ ነው። ሰዎቹ አልኖሩም፤ የሚኖሩት ኑሮ ግን የእኛው ነው።

አንድ መጽሐፍ ምሳሌ አድርገን እንመልከት። መጽሐፉ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይባላል። ደራሲው በጎጃም ተወልደው ያደጉት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስላነበበው፣ ያን ጊዜ ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ ሰዎችም በጆሯቸው ሰምተውታል። የሚተርከው ስለ ቀድሞው የጎጃም ኑሮ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በዛብህ የድሃ ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ስለት ተስለውበታል። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሮ አዋቂ ሆነ። ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባለጉልት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ቤታቸው አስገቡት። መምህሩና ተማሪዋ ተዋደዱ። ፊታውራሪ ግን በዘር የሚመጥናት የለም እያሉ ባል ሁሉ ሲመልሱባት ዕድሜዋ እየገፋ ሄዷል። ከድሃ ልጅ ጋር መዋደዷማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ። ሰብለም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ወጣች። ያገኘችው ግን በመንገድ ላይ በወንበዴ ተመቶ ሊሞት ሲያጣጥር ነው።

ታሪኩ ያሳዝናል። ሆኖም አልቅሰን ብቻ መጽሐፉን ብናጥፈው ግማሹን እንዳላነበብን ይቆጠራል። እስቲ ሰዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ድሮ በአገራችን አንድ እንግዳ «ማን ነህ?» ሲባል ጥያቄው «የማን ልጅ ነህ?» ማለት ነበር። ምን ያውቃል፣ ምን ይሠራል የሚለው ኋላ ይመጣል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚል ተረትም ነበረን። በዛብህ ይህን ጥያቄ ያመጣብናል። በትምህርቱ የፊታውራሪ ቤት መምህር ነው፤ በዘሩ ግን ለዚያው ቤት አማችነት አይበቃም። አንዱ ሰው ሁለት ሆነ ማለት ነው። እውቀቱን ይፈልጉታል፤ ሰውየውን ይንቁታል።

ሰብለ ወንጌልንም እንይ። ከጌታ ቤት ተወልዳ፣ ጠግባ አድጋ፣ በራሷ ሕይወት ላይ ግን ቃል የላትም። የአባቷ ክብር እሷን አሰራት። እዚህ ላይ ሌላ መጽሐፍ እናንሣ። በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ በአማርኛ የመጀመሪያው ነው ይባላል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥም ጦቢያ የምትባል ልጅ ወንድ መስላ መንገድ ትወጣለች። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል 58 ዓመት አለ። በሁለቱም ሴት ልጅ ረጅም መንገድ ለመሄድ ልብሷን መለወጥ ግድ ሆነባት። ይህ ያልተለወጠውን ነገር ያሳየናል። ጦቢያ ግን የወጣችው ከአባቷ ጋር ሆና ወንድሟን ፍለጋ ነው። ሰብለ የወጣችው በገዛ ልቧ የመረጠችውን ሰው ፍለጋ ነው። ይህ ደግሞ መለወጥ የጀመረውን ያሳየናል።

ሦስተኛው ሰው ካሳ ዳምጤ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን «ጉዱ ካሳ» በሚል ስም ነው። ከትልልቆቹ ወገን ተወልዶ ገረዱን አገባ፤ ያሰበውንም በአደባባይ ተናገረ። ስለዚህ ጉድ ነው ተባለ። ጉዱ ካሳ የዘመኑን ኑሮ በድንጋይ ካብ ይመስለዋል። የታችኛው ድንጋይ የላዩን ሁሉ ይሸከማል። ካብ ክበን፣ እርከን ሠርተን የምናውቅ ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባናል። የታችኛው ድንጋይ ከተነቃነቀ የላዩ ይናዳል!

በመጽሐፉ ውስጥ የታችኛው ድንጋይ ተነቃነቀ። ገበሬዎቹ ከተለመደው ግብር በላይ የተጠየቁትን አንሰጥም አሉ። አበጀ በለው መሪያቸው ሆነ። ፊታውራሪ ጦር ይዘው ወጡባቸው፤ ገበሬዎቹም ማረኳቸው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲል የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል? ትናንት ጎንበስ ብሎ «ጌታዬ» ያለው ገበሬ ዛሬ ቀና ብሎ አየ። ሰውየው ያው ነው፤ ግንኙነቱ ግን ተለወጠ።

ከመጽሐፉ ውጭስ ምን ሆነ? መጽሐፉ በታተመበት በ1958 ዓ.ም. የርስተ ጉልትና የሲሶ ጉልት መብት በሕግ ተሻረ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ላይ የተጣለውን አዲስ ግብር ተቃውመው ተነሡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አመጣው አንልም። ዝናብ የሚያዘንበው ገበሬ አይደለም፤ ደመናውን ግን ቀድሞ ያያል። ጥሩ ደራሲም እንደዚያ ነው።

ሕግ በአንድ ቀን ይታወጃል። የልብ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለቅም። ፊታውራሪ መሸሻ ጉልታቸውን ቢያጡም አስተሳሰባቸው በየቤታችን ተሸሽጎ ሊቀመጥ ይችላል። ማረሻችንን የሚቀጠቅጠውን፣ የምንለብሰውን የሚሸምነውን፣ ምጣዳችንን የምትሠራውን እንፈልጋቸዋለን። የእነሱ ልጅ ልጃችንን ቢወድ ግን «የማን ልጅ ነው?» የምንል የለንም ወይ? ይህ በዛብህን የገፋው ጥያቄ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንዲሆን፣ ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው እንዲሆኑ ይደነግጋል። ልጃችንን ሳንጠይቅ ለክብራችን ስንል የምንድር ከሆነ ግን ፊታውራሪን በምን እንበልጣቸዋለን?

ስለዚህ ልብ ወለድ ስናነብ ሦስት ነገር እንመልከት። አንደኛ፣ ማን ማንን «አንተ» ይላል? ማንስ «እርስዎ» ይባላል? በዚህ ብቻ የበላይና የበታቹ ይለያል። ሁለተኛ፣ ሰውየው የሚፈልገውን እንዳያደርግ የከለከለው ምንድን ነው? ድህነት ነው? ዘር ነው? ስለት ነው? የሰው አፍ ነው? ሦስተኛ፣ በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ በሰዎቹ መካከል የተለወጠ ነገር አለ ወይ?

እንዲህ ስናነብ ስለ ጎረቤታችን በግልጽ ለመናገር የምናፍርበትን ነገር በልብ ወለዱ ሰው እያመካኘን እንነጋገርበታለን። ፊታውራሪ መሸሻን ብንወቅሳቸው የሚቀየም ዘመድ የለም። የሚሰማው ሰው ግን ድርሻውን ይወስዳል። በመንደራችን «ጉድ» ብለን ስም ያወጣንለት ሰው ካለም፣ ምናልባት የሚናገረው እውነት ይሆን እንደሆነ ቁጭ ብለን እንስማው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፊታውራሪ መሸሻ የበዛብህን እውቀት ፈልገው እሱን ለምን ናቁት?
2. ጦቢያና ሰብለ ወንጌል በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. በቀበሌያችን ልጆች የሚዳሩት በማን ምርጫ ነው? ከአያቶቻችን ዘመን ወዲህ ምን ተለወጠ? ምንስ ቀረ?