ማሽኑ ከመጣ በኋላ
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በጥቂቱ ታርሞ የተዘጋጀ)

ከጅማ ከወጣን በኋላ ብዙዎቻችን የምንተያየው ወይ በለቅሶ ቤት ወይ በስልክ ነው። ዛሬ ሰብሰብ ብለን ስለተያየን ፈጣሪ ይመስገን።

አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኝ «የፈለግሽውን ተናገሪ» ብለውኛል። የፈለግሁት ደግሞ ነገ ጠዋት ጠቅላላ ጉባኤው ስለሚወስነው ጉዳይ መናገር ነው። እንደምታውቁት ማኅበራችን ባሰባሰበው ገንዘብ በጋምቤላ ክልል፣ በጎግ ወረዳ ለሚገኝ አንድ የጤና ተቋም የኬሚስትሪ ማሽንና አልትራሳውንድ እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያመጡትን አመሰግናለሁ። ጋምቤላ ክልል አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ጎግም ለድጋፍ ተመላልሻለሁ። ጎግን ያስታወሰ ሰው ለእኔ ዘመዴ ነው። ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት በሙያችን ውስጥ ሰዎች ምን ዓይነት ዕቃ ገዝተው እንደሚቆጫቸው እንነጋገር።

በመጀመሪያ አንድ ጥናት ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ16 አገሮች የተሰበሰበ የሕክምና ዕቃ ቆጠራ አውጥተው ነበር። ከ112,000 በላይ ዕቃዎች ተቆጥረው 38 ከመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጪ ሆነው ተገኙ። ምክንያት ተብለው የተዘረዘሩት የሥልጠና እጥረት፣ የአያያዝና የአስተዳደር ጉድለት፣ እንዲሁም እንደ መብራትና ውኃ ያለ የመሠረተ ልማት ችግር ናቸው። ስቶር ውስጥ አቡጀዲ የለበሰ ማሽን ያላየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? የለም።

እንግዲህ ቁጭቱ ከምን ይመጣል? እኔ ባየሁትና ከባልደረቦቼ በሰማሁት፣ አብዛኛው ከአራት ነገር ነው።

አንደኛው ከማሽኑ ጋር የሚበላው ነገር ነው። ብዙ የኬሚስትሪ ማሽኖች የሚቀበሉት የራሳቸውን አምራች ሬጀንት ብቻ ነው፤ የሌላ ስትሰጡት አይሠራም። ስለዚህ ማሽኑን የገዛን ቀን ለብዙ ዓመት ከአንድ ሻጭ ጋር ተጋብተናል ማለት ነው። ፕሮፎርማ ሰብስበን የምናወዳድረው ግን የማሽኑን ዋጋ ብቻ ነው። ሬጀንቱ ላይ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ለምሳሌ አንድ ጠርሙስ 200 ምርመራ ይሠራል እንበል፤ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው 30 ቀን ብቻ ነው እንበል። በቀን 3 ሰው የሚመረመርበት ቦታ ከሆነ በወሩ 90 ሠርተን 110ሩን እንጥላለን። የአንዱ ምርመራ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ዋጋውም ባለበት አይቆይም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ገባ። ያን ጊዜ ክሊኒክ የነበራችሁ ሬጀንት ልትገዙ ሄዳችሁ የሰማችሁትን ዋጋ አትረሱትም።

ሁለተኛው ሙቀትና መብራት ነው። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታዋ 500 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ጎግም ያው ቆላ ነው። የላብራቶሪ ማሽን መመሪያ ብታነቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ኤሲ ይፈልጋል፣ ኤሲው መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ ናፍጣው በጀት። ከውጭ ወገኖቻችን በፍቅር የሚልኩት ዕቃም የራሱ ጣጣ አለው። አሜሪካ ውስጥ የተሠራው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ላይ ነው የሚሠራው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ሞተር ወይም ፓምፕ ያለው ዕቃ ከሆነ እዚያ ላይ ይታመማል።

ሦስተኛው የጥገና ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጋምቤላ ደግሞ በአቦቦ በኩል ወደ ጎግ ዋና ከተማ ወደ ፑኝዶ ገና መንገድ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባ ያ መንገድ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል። ለ«ሙሉ ዋስትና» የፈረመ ሻጭ ባለሙያውን በስንት ቀን ነው እዚያ የሚያደርሰው? ውሉ ላይ ተጽፏል? አንድ የማውቀው ጤና ተቋም ማሽኑ ቆሞበት ባለሙያ ሲጠብቅ ከርሞ፣ በመጨረሻ የተገኘው ችግር የተዘጋ ማጣሪያ ነበር። እዚያው ያለ ልጅ ማጽዳት ይችል ነበር፤ የጥገና መመሪያውም ሆነ ወደ ማስተካከያው የሚያስገባው የይለፍ ቃል ግን አብሮ አልተሰጠም።

እዚህ ላይ ግን ደስ የሚል ወሬም አለ። ይኸው ማልኪን ከሌላ ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት፣ በ11 አገሮች ካሉ 60 ድሃ ሆስፒታሎች የመጡ የጥገና ጥያቄዎችን መርምሯል። ተበላሽተው ከነበሩት ዕቃዎች 72 ከመቶው ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣ ተመልሰው ሠርተዋል። ከተጠገኑት ሩቡ ያህል ደግሞ ጉዳዩ የተከላ ወይም የአጠቃቀም ሥልጠና ብቻ ነበር። ቧንቧ፣ ገመድ፣ ፊውዝ፣ ብሎን። ይህን ሊሠራ የሚችል ሰው ማሠልጠን ማሽን ከመግዛት በብዙ ይረክሳል። የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። መምህራኑ እዚሁ ተቀምጠዋል፤ የዕቃ ግዢ ኮሚቴያችን ውስጥ ግን አንድም ከእነሱ የለም።

አራተኛው ለመታየት የሚገዛው ነው። የዛሬውን ቲሸርታችንን ያተመልን ልጅ ስክሪን ፕሪንት ቤት አለው፤ ልንረከብ ስንሄድ ጨዋታ አነሳን። ባለ ስድስት ቀለም ትልቅ ማተሚያ ገዝቷል። ደንበኛው ግን አብዛኛው እንደ እኛ ነው፤ አንድ ቀለም፣ ደረት ላይ ጽሑፍ። በዚያ ላይ ቀለሙ በ160 ዲግሪ ገደማ ካልበሰለ በእጥበት ይረግፋል፤ ማድረቂያው ደግሞ ትንሽና አሮጌ ስለሆነ ትልቁ ማሽን ቆሞ ማድረቂያውን ይጠብቃል። «ዶክተር፣ በዚያ ብር ጥሩ ማድረቂያ ብገዛ ኖሮ ዛሬ ሁለት እጥፍ አትም ነበር» አለኝ። እኔም ወዲያው ያሰብኩት የእኛን ክሊኒኮች ነው። አልትራሳውንድ አለ፣ የሚያነበው ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። የቀዶ ሕክምና አልጋ አለ፣ አውቶክሌቩ አይዘጋም። ሥራው የሚታሰረው ሁልጊዜ ደካማው ቦታ ላይ ነው፤ እኛ ግን የምንገዛው ታፔላ ላይ የሚጻፈውን ነው።

የግል ክሊኒክ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ አሁን የምለው ትንሽ ሊከብድ ይችላል፤ በመካከላችን ስለሆነ ልበለው። በባንክ ብድር የተገዛ ማሽን ወር በገባ ቁጥር ክፍያ ይጠይቃል። ክፍያው የሚመጣው ደግሞ እኛ ከምናዘው ምርመራ ነው። ማሽኑ ዕዳ ሲኖርበት እጃችን የምርመራ ወረቀቱ ላይ ይፈጥናል። የሦስት ቀን ጉንፋን ይዞ የመጣ ወጣት የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ታዞለት ይወጣል። ማንም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ በግዢው ቀን ስሌቱ ስላልተሠራ ነው። በኋላ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በግዢው ጊዜ ያልነበረው በሽተኛ ነው። ስለዚህ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አስሉ፦ በእውነት የሚያስፈልጋቸውን ብቻ ባዝ፣ ይህ ማሽን ራሱን ይከፍላል ወይ? መልሱ «አይ» ከሆነ ናሙናውን ወደ ሌላ ላብራቶሪ መላክ ይሻላል፤ ወይም ሦስት አራት ክሊኒኮች ሆናችሁ አንድ ግዙ።

በአንጻሩ ሰው ገዝቶ ሲቆጭ ያላየሁባቸው ዕቃዎች አሉ። ጥሩ ማይክሮስኮፕ፣ ስታቢላይዘር፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ የሄሞግሎቢን መለኪያ፣ የሚሠራ አውቶክሌቭ። ማይክሮስኮፕን በተለይ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ የድንበር አካባቢዎች ከ12,000 በላይ ሰዎችን መርምሮ ነበር። በፋልሲፓረም ወባ ከተያዙት 10 ከመቶ በሚጠጉት ላይ፣ ተውሳኩ ኤችአርፒ 2 የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራበት ጂን ስለጎደለው በዚያ ፕሮቲን ላይ የተመሠረተው ፈጣን ምርመራ «ነጻ» ብሎ አሳልፏቸዋል። መጠኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው። ወባ የዕለት እንጀራው በሆነ ቆላ ውስጥ ንጹሕ ሌንስ ያለው ማይክሮስኮፕና በእሱ የሠለጠነ ዓይን ሕይወት ያድናሉ።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ የጎግ ሰው መንገድና መብራት እስኪሟላለት ማይክሮስኮፕ ብቻ ይዞ ይቀመጥ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጎግ የአኝዋክ ወገኖቻችን አገር ነው፤ ፑኝዶም የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ለብዙ ዓመታት ያስተናገደች ከተማ ናት። እዚያ ያለች ነፍሰ ጡር ከአዲስ አበባዋ ያነሰ ሕክምና ይገባታል የሚል ሰው ቢመጣ የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ እኔ ነኝ። አልትራሳውንድም ይገባታል። እኔ የምቃወመው ምረቃው ላይ ሪባን የሚቆረጥለትን፣ በዓመቱ ግን አዋላጇ «ተበላሽቷል» ብላ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጋምቤላ የምትልክበትን አልትራሳውንድ ነው። ሴትየዋ የነበራትን ተስፋና የመኪና ብር ጨምራ አጣች ማለት ነውና።

ስለዚህ ለነገው ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

የዕቃውን ስም ዛሬ አንወስን። መጀመሪያ አንድ ሐኪምና አንድ የባዮሜዲካል መሐንዲስ ጎግ ድረስ ይሂዱ። ኃላፊዎቹን ብቻ ሳይሆን የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስቱን፣ አዋላጇንና ጄኔሬተር የሚያስነሳውን ሠራተኛ ይጠይቁ። በሽተኛ በቀን ስንት እንደሚመጣ ከመዝገቡ ይቁጠሩ፤ የመብራቱን ቮልት ጠዋትም ማታም ይለኩ፤ ስቶር ገብተው ቆሞ ያለውን ዕቃ ይመልከቱ። ምናልባት የሚያስፈልገው አዲስ ሳይሆን ያለውን ማስጠገን ይሆናል።

ከዚያ የትኛውም ዕቃ ቢመረጥ ለአምስት ጥያቄ መልስ በጽሑፍ ይኑር፦ ማን ይሠራበታል፣ እሱ ቢዛወርስ ማን ይተካዋል? የሚበላውን ማን፣ በስንት ብር ይገዛል? በሙቀቱና በመብራቱ ይሠራል? ሲበላሽ ማን፣ በስንት ቀን ይደርሳል? ዕድሜው ሲያልቅስ?

ሦስተኛ፣ ከሰበሰብነው 100 ብር ውስጥ 60ው ለዕቃው፣ 40ው ለስታቢላይዘር፣ ለመለዋወጫ፣ ለሥልጠናና ለሁለት ዓመት ክትትል ይመደብ። 40ው ፎቶ ላይ አይወጣም፤ የማኅበራችን ስም የሚለጠፍበት ቦታም የለውም። ቢሆንም ይመደብ።

ኮሚቴው የበዓሉን ግለት ሳይበርድ መጠቀም እንደሚፈልግ ይገባኛል። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሦስት ወር ብንዘገይ ጎግ የምታጣው የለም። እኛ እዚህ የተማርነው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፤ ቲቲፒ ስንወጣ ማንም መድኃኒት አስይዞ አልላከንም፤ መጀመሪያ ቤት ለቤት ዞረን እንድንጠይቅ ነው የተላክነው። መምህሮቻችን ያስተማራችሁንን ራሳችሁ ነገ በድምፃችሁ እንድታጸኑልን እለምናችኋለሁ። ወደ ጎግ ለሚሄደው ቡድን ሐኪም ከጠፋ እኔ አለሁ፤ የምትጎድለው የባዮሜዲካል ባለሙያ ናት ወይም ነው። ከመምህራኑ ፈቃደኛ ካለ ከምሳ በኋላ ያግኘኝ።