ስለ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት የተደረገ ንግግር



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ስለ አንድ የታሪክ መምህር እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን፥ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስትን መርጠናል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፥ «የአገራችን ተወላጅ ሊቃውንት ሳሉ ስለ ምን እንግሊዛዊ ይመረጣል?» ብለው ነበር። ጥያቄውን አልናቅነውም፤ መልሱን ግን በሥራቸው ውስጥ አገኘነው።

በ1927 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሎንዶን ተወለዱ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክኸርስት፥ ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከ1936 ጀምሮ ጋዜጣ እያሳተሙ ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሴት ናቸው። ልጃቸውም በ1956 አብረዋቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማሩ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሳበን የጽሑፋቸው ዓይነት ነው። ነገሥታቱን አልዘነጉም፤ ነገር ግን ሰው በገበያ በምን ይሰፍር እንደ ነበረ፥ ጨርቁን በክንድ፥ እህሉን በቍና፥ ዋጋውንም በአሞሌ ጨው እንዴት ይቈጥር እንደ ነበረ መርምረዋል። (የሒሳብ መምህራችን ይቅር ይበሉንና፥ ስለ ልኬት ይህን ያህል ተከራክረን አናውቅም ነበር።) ከ1888 እስከ 1892 ስለ ደረሰው ክፉ ቀንም ጽፈዋል። ከብቱ በበሽታ አልቆ፥ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጥቶ፥ እርሻው ጦም ያደረበት ዘመን ነው። በዚያ ረኀብ ያለቁትና የተረፉት የእኛ ቅድመ አያቶች ናቸው፤ ስማቸውም በዜና መዋዕል አይገኝም።

ደመወዝ የሌለበት ሥራም ነበራቸው። የአክሱም ሐውልት በ1937 ወደ ሮማ ተወሰደ። ኢጣልያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ በ1947 ውል ፈረመች፤ ሐውልቱ የተመለሰው ግን በ2005 ነው። እርሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሪታ ከብዙ ኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በጽሑፍም በቃልም ሲወተውቱ ኖረዋል። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈውም እንዲመለስ ደክመዋል፤ ከዚያ ብዙው ዛሬም በእንግሊዝ አገር አለ።

በ2017 በ89 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐርፈው፥ እናታቸው ባረፉበት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የትምህርት ቤታችን አሮጌ መዝገብ የሚሲዮናውያኑን ስም ይዟል። ድንጋዩን የተሸከሙትን፥ ደወሉን የደወሉትን፥ ለአዳሪዎቹ እንጀራ የጋገሩትን እናቶች ግን አልያዘም፤ ከገጾቹም ከፊሉን ምስጥ በልቶታል። የሚያስታውሱት አረጋውያን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ደብተር ይዘን በየቤታቸው መሄድ ጀምረናል፤ ከእኛም በኋላ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሊቀጥሉበት ቃል ገብተዋል። ወላጆች ሆይ፥ የድሮ ፎቶግራፍ፥ ደብዳቤ ወይም የትምህርት ቤት ደረሰኝ ያላችሁ እንደ ሆነ እባካችሁ አውሱን። ገልብጠን ዋናውን ሳናቈይ እንመልሳለን።