የእጅ ኃይል ከወዴት ነው?

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምናገረው ስለ እጅ አንጓና ስለ መጨበጥ ኃይል ነው። ነገሩ ለስፖርተኞች ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የታሸገ ጠርሙስ ክዳን አልከፈት ብሎት ለልጁ የሰጠ፥ ወይም የገበያ ዘንቢል ይዞ ደረጃ ሲወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጣቶቹ የከዱት ሰው፥ ነገሩ እርሱንም እንደሚመለከተው ያውቃል። እኛ የቢሮ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በእጃችን ስንሠራ እንውላለን፤ ሆኖም ብዕርና ማኅተም፥ ዛሬም የኮምፒዩተር መጻፊያ፥ ጣትን ያደክማል እንጂ አያበረታም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ግራ እጃችሁን በቀኝ ክንዳችሁ ላይ፥ ከክርናችሁ ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ አኑሩና የቀኝ እጃችሁን ጣቶች አጥብቃችሁ ጨብጡ። ከመዳፋችሁ በታች የሚነሣና የሚወርድ ነገር ይሰማችኋል። ጣቶቻችንን በብርቱ የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች የሚገኙት በክንዳችን ውስጥ ነው፤ ጣቶቹን የሚስቡትም እንደ ገመድ በረዘሙ ጅማቶች ነው። ከእነዚህም ዘጠኙ ከአንድ ዋና ነርቭ ጋራ በእጅ አንጓ ላይ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ተጨናንቀው ያልፋሉ። አሁን ደግሞ አንጓችሁን ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ እንደ ቀድሞው ለመጨበጥ ሞክሩ። ኃይሉ ወዲያውኑ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ጡንቻው አስቀድሞ ስላጠረ የሚስብበት ርቀት አጥቷል። እንግዲህ አንጓው ቀጥ ብሎ፥ እንዲያውም ጥቂት ወደ ኋላ ቀና ብሎ ካልጸና፥ የጣት ብርታት ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ይህን ነገር በተግባር ደኅና አድርገው ከተረዱት ሰዎች መካከል በጃፓን ደቡብ ያለችው የኦኪናዋ ደሴት የካራቴ መምህራን ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ከፍልሚያው ትምህርት ጐን «ሆጆ ኡንዶ»፥ ማለት ረዳት እንቅስቃሴ፥ የሚሉት ሥልጠና አላቸው። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. በናሃ ከተማ ተወልደው በ1953 ያረፉት፥ ጎጁ-ርዩ የተባለውን የካራቴ ስልት የመሠረቱት ቾጁን ሚያጊ፥ ለዚህ ሥልጠና ከፍ ያለ ስፍራ ሰጥተውት ነበር። መሣሪያዎቹን ያየ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ድንጋይ፥ እንጨትና ገንቦ ናቸውና።

«ቺ-ኢሺ» የሚባለው በአጭር ዱላ ጫፍ ላይ የተሰካ ድንጋይ ነው። ዛሬ ብዙዎች በድንጋዩ ፋንታ ሲሚንቶ ያፈስሳሉ። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን የሰፈር ልጆች ሁለት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፥ በብረት ቧንቧ አያይዘው ክብደት ሲያነሡ ያላየ የለም፤ ከሁለቱ ጣሳ አንዱን ቍረጡትና ቺ-ኢሺ አገኛችሁ። ቁም ነገሩም በዚሁ በመቍረጡ ላይ ነው። ክብደቱ በሁለት ወገን ሲሆን እርስ በርሱ ስለሚመዛዘን አንጓ ብዙ አይቸገርም፤ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ግን ድንጋዩ ሁልጊዜ ወደ ታች ሊያዘነብል ይፈልጋል፤ የሚከለክለውም አንጓው ነው። 2 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ዱላው ተጋድሞ ከእጅ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢያዝ፥ ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢያዝ፥ ሚዛኑ ያው 2 ኪሎ ነው፤ በአንጓው ላይ የሚያደርሰው ጫና ግን በሁለተኛው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ክብደት መግዛት አያስፈልግም፤ የደከመ ሰው እጁን ወደ ድንጋዩ ያስጠጋል፥ የበረታም ያርቃል።

ሁለተኛው «ኒጊሪ-ጋሜ»፥ ማለት የሚጨበጥ ገንቦ፥ በአፉ ዙሪያ ከንፈር ያለው የሸክላ ዕቃ ነው። ጆሮ የለውም። ሠልጣኙ ከላይ ወደ ታች በጣቶቹ ከንፈሩን ይዞ፥ በሁለት እጁ ሁለት ገንቦ አንጠልጥሎ በዝግታ ይራመዳል፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም በውስጡ አሸዋ ይጨምራል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው፤ አውራ ጣትን አያሳርፍምና። ቀጭን ብረት ይዘን ስንንጠለጠል አውራ ጣት የሚሠራው ጥቂት ነው፤ በገንቦው ላይ ግን አውራ ጣት የሰነፈ እንደ ሆነ ገንቦው መሬት ነው።

የመያዣ ነገር ምን ያህል ብርቱን ሰው እንደሚያሳፍር በእንግሊዝ አገር የታየ ምሳሌ አለ። ቶማስ ኢንች የተባለው ጕልበተኛ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፥ አንድ የብረት ክብደት አቅርቦ በአንድ እጁ ለሚያነሣለት ሰው ሽልማት እሰጣለሁ ይል ነበር። ብረቱ 78 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለጕልበተኞች ይህ ብርቅ ክብደት አይደለም። ነገር ግን መያዣው ወደ 6 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ስላለው ጣቶች ዙሪያውን አይገጥሙም፤ ሊያነሡት ሲጀምሩም ከእጅ ውስጥ እየተንከባለለ ያመልጣል። ክንዳቸው እንደ ግንድ የሆነ ሰዎች ሳይሳካላቸው ተመልሰዋል።

ስለ ጤና ደግሞ አንድ ነገር ላንሣ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት፥ በ17 አገሮች ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን የመጨበጥ ኃይል ለክቶ ነበር። ኃይሉ በ5 ኪሎ ባነሰ ቍጥር የመሞት አደጋ በ16 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህን የሰማ አንድ ባልደረባዬ በማግሥቱ በእጅ የሚጨመቅ ሞላ ገዝቶ፥ በስብሰባ መካከል ሳይቀር ሲያንቋቋው ይውል ጀመር። ጥናቱ ግን ጣቱን ያበረታ ዕድሜው ይረዝማል አላለም። የመጨበጥ ኃይል የመላው ሰውነት ሁኔታ የሚነበብበት ምልክት ነው፤ የሙቀት መለኪያውን በማቀዝቀዝ ትኵሳት አይበርድም።

በችኰላ እኔም ከባልደረባዬ የምሻል አይደለሁም። ሁለት ገንቦ ከገበያ ገዝቼ፥ ባዶውን ማንሣት እንደ ውርደት ቈጥሬ፥ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ግማሹ አሸዋ ሞላሁበት። ዐሥር ቀን ያህል በኵራት ተመላለስሁ። ከዚያ በኋላ ክርኔ በውጭ በኩል መጠዝጠዝ ጀመረ፤ ሁለት ወር ሙሉ የቡና ሲኒ ሳነሣ እንኳ ያመኝ ነበር፤ መዝገብ ስፈርምም ጥርሴን ነክሼ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዱኝ ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይበረታል፤ ጅማት ግን ደም በብዛት የማይደርሰው ስለ ሆነ ዘግይቶ ይከተላል። ጡንቻዬ የቻለውን ጅማቴ አልቻለውም ማለት ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ገንቦውን ባዶውን ሁለት ሳምንት፥ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፥ ከዚያም በየሳምንቱ አንድ እፍኝ አሸዋ እጨምራለሁ። አንጓዬ ከታጠፈ ያን ቀን እተወዋለሁ። ጣት የሚያጥፈው ብቻ እንዳይበረታም የቢሮ ላስቲክ በአምስቱ ጣቶቼ ዙሪያ አግብቼ እከፍታለሁ፥ እዘጋለሁ፤ ይህ በወንበር ላይ ሆኖ የሚሠራ ነው፥ ድምፅም የለውም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፤ በብርቱ ጨብጦ መቈየት፥ ይልቁንም ትንፋሽን ይዞ፥ ግፊቱን ለጊዜው ከፍ ያደርገዋልና።

ገንቦውን ስታነሡ ከሥሩ ወፍራም ጆንያ አጥፋችሁ አንጥፉ። ጣት ሲደክም ቀስ ብሎ አያስታውቅም፤ በድንገት ይለቃል። የመጀመሪያው ገንቦዬ የተሰበረው ከመኝታ ቤቱ ወለል ላይ፥ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን፥ ከታች የሚኖሩት ጎረቤቴ በማግሥቱ ጠዋት ደረጃ ላይ ጠብቀውኛል።