ቤት ወይስ ትምህርት ቤት? ወላጅ በሚመዝንበት ሚዛን ላይ
(በመምህራን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች እንድናገርበት የመረጡልኝ ርእስ በአገራችን የትምህርት መድረክ ላይ ዘወትር የሚነሣ አይደለም፤ ይኸውም አንድ ወላጅ ልጁን ራሱ በቤቱ ቢያስተምር ይሻላልን፥ ወይስ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ቢልክ? የሚለው ነው። ጥያቄው ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስላቸው ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበሩባቸው ወራት፥ መኖሪያ ቤቱ ሁሉ ሳይወድ በግድ የትምህርት ቤትን ሥራ ሊሠራ ተሞክሯል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ወላጅ ልጁ ያልተማረውን ነገር ብዛት ተገነዘበ፤ ሌላው ደግሞ ማስተማር ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ ተረዳ። ቀጥሎም በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ፥ ጥያቄው ወደ ብዙ ወላጅ ልብ ገባ። እንግዲህ መምህራን ሆነን ሳለ ይህን ጥያቄ በዝምታ ልናልፈው አይገባም።

በመጀመሪያ ነገሩ ለአገራችን ባዕድ አለመሆኑን ላስታውስ። መሳፍንቱና መኳንንቱ ልጆቻቸውን በቤታቸው መምህር ቀጥረው ያስተምሩ ነበር። ለምሳሌ ያህል ራስ መኰንን ልጃቸውን ተፈሪን በሐረር ያስተማሩት፥ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንንና የጓዴሎፕ ተወላጅ የሆኑትን ሐኪም ዶክተር ቪታልየንን በመመደብ ነው። ሆኖም ያው ልጅ ኋላ አዲስ አበባ ሲመጣ፥ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገብቶ ከሌሎች ልጆች ጋር ተምሯል።

የተራው ሕዝብ ልማድ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከአገር አገር እየዞረ ቅኔውንና ዜማውን የሚማረው ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ ነው። በወሎና በሌሎችም አውራጃዎች ደረሳው ዕውቀት ካላቸው ሸሆች ዘንድ ለመማር እንደዚሁ ይሰደድ ነበር። የኔታም ቢሆኑ ፊደልን የሚያስቆጥሩት ብቻቸውን አልነበረም፤ ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ቈጣሪውን ያስጠና ነበርና። ስለዚህ የቤቱም፥ ከቤት የመውጣቱም ሥርዐት በታሪካችን ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል።

በሌሎችም አገሮች ቢሆን ሕጉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1852 ትምህርትን በሕግ ግዴታ ካደረገ በኋላ ሌሎቹም ክፍለ ግዛቶች ተከተሉት፤ ዛሬ ግን በቤት ማስተማር በ50ዎቹም ክፍለ ግዛቶች የተፈቀደ ነው። በቨርጂኒያ ለምሳሌ ያህል፥ ልጁን በቤት የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ አስቀድሞ ለአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ማስታወቅና፥ በዓመቱ መጨረሻ ልጁ በትምህርቱ መግፋቱን በፈተና ወይም በግምገማ ማስረዳት ይኖርበታል። በጀርመን ግን ልጁ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2006 የኮንራድ ቤተ ሰብ ያቀረበውን አቤቱታ አልተቀበለውም። ከምክንያቶቹም አንዱ፥ ኅብረተሰቡ እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ ወገኖች እንዳይከፋፈል መጠበቅ ተገቢ ነው የሚል ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ሚዛኑን እንመልከት። በቤት በኩል ያለው ክብደት ቀላል አይደለም። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል፤ በክፍሉ ውስጥ 60 ተማሪዎች ቢኖሩ፥ ጊዜው ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ብቻ ነው። እናት ወይም አባት ከልጃቸው ጋር ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ፥ ለዚያ ልጅ የ45 ክፍለ ጊዜያትን ድርሻ ሰጡት ማለት ነው። በተለይም ንባብን፥ ጽሕፈትንና ስሌትን በሚያስጀምሩት ዓመታት፥ ልጁ የቱ ላይ እንደተሰናከለ በጊዜው አይቶ የሚያቃና ሰው ማግኘት ታላቅ ዕድል ነው። ሁለተኛውም ጥቅም ልጁ በራሱ ፍጥነት መሄዱ ነው፤ የገባውን ለመድገም አይገደድም፥ ያልገባውንም ትቶ እንዲያልፍ አይጣደፍም።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ ማስተማርን እንደ እንጀራ ተቈርሶ የሚታደል አድርጎ ያያል። በክፍል ውስጥ ያለ ተማሪ ለእርሱ ከተነገረው ብቻ ሳይሆን፥ ጓደኛው ከሰጠው የተሳሳተ መልስና መምህሩ ስሕተቱን ካቃናበት መንገድም ይማራል። ከሁሉም በላይ የሾፌሩ ልጅ፥ የነጋዴዋ ልጅና የዘበኛው ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚማሩበት ቦታ ከመንግሥት ትምህርት ቤት በቀር እምብዛም አይገኝም። ወላጅ የቱንም ያህል ቢማር፥ ከእርሱ የተለየ ኑሮና እምነት ያለውን ሰው ልጅ በቤቱ ውስጥ ሊፈጥር አይችልም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው የምገባ አገልግሎት እንዳሳየው ደግሞ፥ ትምህርት ቤት ለብዙው ሕፃን የዕለት ምግብ የሚያገኝበት ቤትም ነው።

የወጪውም ነገር በሚገባ መታየት አለበት። በቤት ማስተማር የትምህርት ቤት ክፍያ ስለሌለው ርካሽ ነው የሚሉ አሉ፤ ዋጋውን ግን የሚከፍል ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ ያ ሰው ሥራዋን ትታ ከቤት የምትቀር እናት ናት። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዳሉት፥ ሒሳቡን፥ ሳይንሱን፥ ቋንቋውንና ታሪኩን በሙሉ አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው ዓመታት በገፉ ቍጥር ይከብዳል። ፊደል ያስቈጠረች እናት የኬሚስትሪን ቤተ ሙከራ በማድ ቤቷ ልታደራጅ አትችልም።

በዚህ ሚዛን ላይ ዘወትር የሚረሳ አንድ ወገን አለ፤ እርሱም ልጁ ራሱ ነው። የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 የአሚሽ ሃይማኖት ተከታዮች ልጆቻቸውን ከ8ኛ ክፍል በኋላ ወደ ትምህርት ቤት እንዲልኩ አይገደዱም ብሎ በወሰነ ጊዜ፥ ዳኛው ዳግላስ በከፊል ተለይተው፥ የልጆቹ የራሳቸው ሐሳብ ሊጠየቅ ይገባው ነበር ብለዋል። ይህ ቃል ለወላጅም ለመምህርም የሚጠቅም ይመስለኛል። ብቻውን ማጥናት የሚወድ ልጅ አለ፤ ጓደኛ አጥቶ የሚጠወልግም አለ። አስቀድሞ ሳይጠይቁትና ሳያጤኑት የተወሰነ ውሳኔ ከሁለቱም በኩል ጉድለት አለበት።

በፈቃዳቸው ሳይሆን ተገደው ልጃቸውን በቤት የሚያስቀምጡ ወላጆችም መኖራቸውን እናውቃለን። የአካል ጉዳት ያለበት ወይም ከኦቲዝም ጋር የሚኖር ልጅ ያላቸው ሰዎች፥ የምርጫ ጥያቄ ሳይደርሳቸው በራችን ተዘግቶባቸው የተመለሱ ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን በማሳደግ ካገኙት ልምድ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማእከልን ሲመሠርቱ፥ እንደ እርሳቸው በየቤታቸው ለቀሩት ወላጆች የጋራ በር ከፈቱ። ከዚህ የምንማረው፥ ቤት ለእንደዚህ ያሉ ልጆች መጠለያ ቢሆንም፥ እናቶቻቸው የሚፈልጉት ትምህርት ቤት መሆኑን ነው።

በበኩሌ የምሰጠው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ለልጆች ሁሉ የሚሆን አንድ ፍርድ የለም። ወላጅ ሊመዝን የሚገባው ይህን ልጅ፥ በዚህ ዓመት፥ በዚህ ትምህርት ቤት መሆን አለበት፤ በየዓመቱም ደግሞ ሊመዝነው ይገባል። በቤት ያስተምር ዘንድ የወሰነም ቢሆን፥ ልጁን የሚመዝንለት የውጭ ሰውና ልጁ የሚውልበት የእኩዮች ማኅበር ሊያዘጋጅለት ግዴታው ነው። ወደ ትምህርት ቤት የላከውም ወላጅ የማስተማር ኀላፊነቱን ከበሩ ላይ አስረክቦ አይመለስም።

ባልደረቦቼ፥ ወደ እኛ የሚመለከተው ግን ከዚህ የከበደ ነው። ልጁን በቤት ለማስተማር ዕውቀቱ፥ ጊዜውና ገንዘቡ ያለው ወላጅ፥ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ መጻሕፍቱ ለምን እንዳልደረሱ የሚጠይቀው ያው ወላጅ ነው። እርሱ ልጁን ሲያወጣ ጥያቄውንም ይዞ ይወጣል፤ የሚቀሩትም ምርጫ የሌላቸውና ቃላቸው የማይሰማላቸው ናቸው። ይህም ሆኖ፥ ለሌሎች ጥቅም ሲል ልጁን መያዣ እንዲያደርግ ልንጠይቀው አንችልም። የምንችለው ነገር ቢኖር ልጁ በክፍላችን ውስጥ በስሙ የሚታወቅ፥ ድካሙ በጊዜው የሚታይና ወላጁም ሲመጣ ወንበር የሚሳብለት መሆኑን በሥራ ማሳየት ነው።

ስለሆነም አንድ ወላጅ መጥቶ የልጁን መልቀቂያ ሲጠይቅ፥ ወረቀቱን ከመፈረማችን በፊት ምክንያቱን ጠይቀን እንድናዳምጥ፥ የሰማነውንም መዝግበን በየትምህርት ቤታችን እንድንወያይበት ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ።