ሙዚየም እንጀራ ይሆናልን?



ሙዚየም ሲባል ለብዙ ሰው የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በስፔን አገር ያለችው ቢልባኦ የብረትና የመርከብ ሥራዋ በተዳከመ ጊዜ ወንዟን አጸዳች፣ የምድር ውስጥ ባቡር ሠራች፣ እ.ኤ.አ. በ1997ም ትልቅ ሙዚየም ከፈተች። እንግዳ ጎረፈ፤ ባለሆቴሉም ባለሱቁም ሥራ አገኘ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና ሲመጣ፣ ጢያ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ብዙው ጎብኚ ግን አይቷቸው በዚያው ቀን ይመለሳል። እንግዳ የሚያድርበት ምክንያት ከሌለው ገንዘቡም አያድርም።

ምክንያቱስ በየቤታችን አለ። የእንሰት መፋቂያው፣ የወተት ቅሉ፣ የአያቶቻችን ጋሻና ጦር ይኸው ነው። ዛሬ ግን ቅሉ በፕላስቲክ ተተክቶ ይጣላል፤ ጋሻውም በርካሽ ይሸጣል። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይሰደዳሉ። ሙዚየም ብቻውን ስደትን ያስቀራል አንልም፤ ቢልባኦም በሙዚየም ብቻ አልተነሣችም። ሆኖም አስጎብኚው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆጮ የምታቀርበው እናት በአንድ ደጃፍ እንጀራ ሊያገኙ ይችላሉ።

ስለዚህ ትልቅ ሕንፃ እስኪሠራ ሳንጠብቅ፣ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን ከአያቶቻችን ዘንድ ሄደን የአንድ ዕቃ ስምና ታሪክ በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ እንጻፍ። ሕንፃ ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል፤ ያለፈ ሽማግሌ ግን ተመልሶ አይናገርም።

እግዚአብሔር ይርዳን።